ሐመልማል ፈቃድ ልታወጣ የሄደች ጊዜ

ሐመልማል ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው ወደ ጦሩ የገባችው። እናቷ ሞታ፣ እንጀራ እናቷ አላስቀምጥ ብላት ነበርና የሴት ምልምል ይፈለጋል ሲባል ስትሰማ ሄዳ ስሟን አስመዘገበች። ጠመንጃ የሚያስይዟት መስሏት ነበር። እነሱ ግን ድምጿ ጥርት ያለ ነው ብለው ሬዲዮ ኦፕሬተር አደረጓት። ስድስት ወር አስተምረው ወደ ሰሜን ላኳት፤ እዚያም አራት ዓመት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ኖረች።

ከተማረችው ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለቀቃት አንድ ነገር መዝገብ መያዝ ነው። ያስተማሯት መቶ አለቃ «ያልተመዘገበ ንግግር እንዳልተነገረ ነው» ይሏት ነበር። ሰዓቱ፣ የተጠራው ጣቢያ፣ የድምፁ ጥራት ከአምስት ስንት እንደሆነ፣ የባትሪው ነገር፣ የተባባሉት በአጭሩ፣ በመጨረሻ ፊርማ። መድፍ እየወረደ እንኳ ይኼ አይቀርም ነበር።

ጦሩ ሲበተን እንደ ሌላው ሁሉ በእግሯ መጣች። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ አንዲት ክፍል ቤት ተከራየች። አገባች፤ ባሏ ሞተ፤ ልጅም አልወጣላትም። ወሰን በሚባለው ሰፈር ጋራዦቹ መካከል የቆርቆሮ ሻይ ቤት ከፍታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እጃቸው በግራሶ ለጠቆረ ሰዎች ሻይና ፍርፍር ስታቀርብ ኖረች። ሕይወቷ ይኸው ነው። ሌላ የሚወራለት የለውም ነበር፤ ከበበ ባይኖር።

ከበበ ከዚያ ዘመን የተረፋት አንድ ሰው ነው። ሰሜን ሳለች እሷ ያለችበት ጣቢያ መጥሪያው «ዝግባ» ነበር፤ የሱ ደግሞ «ዋርካ»። ዓመት ከመንፈቅ በድምፅ ብቻ ሲተዋወቁ ኖረው ነው ፊት ለፊት የተያዩት፤ ያን ዕለትም እሱ ቃሬዛ ላይ ነበር። አጠገቡ የወደቀው መድፍ ቀኝ እግሩን ሰባብሮ ጭንቅላቱን አናውጦታል። እግሩ እንደ ነገሩ ገጠመ። አንደበቱ ግን አልተመለሰም፤ ፊደል መጻፍም ከዚያ ወዲህ ጠፋበት። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ ይመጣና እዚያ ይቀራል። «ሐ... ሐ...» ይላል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ በመጨረሻ እጁን አወናጭፎ ይተወዋል።

የሚኖረው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ከእህቱ ከዳርቱ ጋር ነው። ዳርቱ ለጸበልተኛ የፕላስቲክ ጀሪካን ትሸጣለች። እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጦ የሚወጣ የሚወርደውን ሲያይ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ሐመልማል በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እየወጣች ትጠይቀዋለች። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ስልክማ ጭራሽ አይሆንለትም፤ ሰው በዚያኛው ጫፍ ሆኖ እየጠበቀው መሆኑን ሲያስብ ትንፋሹ ሁሉ ይቆረጣል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ጆኒ የሚባለው የጋራዡ ኤሌትሪሺያን ሁለት የእጅ ሬዲዮ ይዞላት የመጣው። መንገድ ሠርቶ የሄደ ኮንትራክተር ከጣለው ዕቃ መካከል ያገኛቸው ናቸው፤ ከነቻርጀራቸው።

«ማዘር፣ አንቺ ወታደር ነበርሽ አይደል? እንኪ፣ መደርደሪያው ላይ አድርጊው። ሒሳብ ሳይከፍል የሚሄደውን ታስፈራሪበታለሽ» አላት።

ሳቀች። ማታ ቤቷ ስትገባ አንዱን ከፈተችውና ሽሽ የሚለውን ድምፁን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። እሑድ ጠብቃ ሁለተኛውን ለከበበ አደረሰችለት። ምንም አላብራራችለትም። «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፈተው» ብላው ብቻ ወረደች።

በማግሥቱ ከቤቷ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጣች። ከዚያ ቆሞ ወደ እንጦጦ የሚያይ ሰው በመካከል የሚጋርደው ነገር የለም። ቁልፉን ተጫነችና፣ «ዋርካ፣ ዋርካ፣ እዚህ ዝግባ። ይሰማል? ኦቨር» አለች። ኦቨር ማለት የኔ አለቀ፣ ያንተን ልስማ ማለት ነው።

ትንሽ ሽሽ አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ያረጀ ነገር ግን ያልተሰበረ ድምፅ፣ እንዲህ አላት፦

«ዝግባ፣ እዚህ ዋርካ። አምስት በአምስት ይሰማል። ምነው፣ ባትሪሽ ደክሟል ልበል? ድምፅሽ አርጅቷል። ኦቨር።»

ሐመልማል ቋጥኙ ላይ ቁጭ አለች። «የኔ ባትሪ አይደለም፣ ያንተ ጆሮ ነው ያረጀው። ኦቨር» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬዲዮ ላይ ጣትህ ቁልፉ ላይ ሳለ ማንም ሊያቋርጥህ አይችልም። የሚጠብቅህ ፊት የለም፤ የሚያጣድፍህ ትንፋሽ የለም። ተራው ያንተ ብቻ ነው። ከበበ ለሰው መናገር አቅቶት እንጂ ለጣቢያ መናገር አልረሳም ነበር። ዳርቱ ከበር ቆማ ወንድሟ ሲናገር ስትሰማ የያዘችውን ጀሪካን ጥላ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ካልከለከላት በቀር፣ ሐመልማል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቋጥኙ አትጠፋም። የሚያወሩት ይኼ ነው የሚባል አልነበረም። እሱ ጅብ የማንን በግ እንደበላ፣ ከጸበልተኛው ማን ድኖ ማን እንደባሰበት ይነግራታል። እግሩን ብርድ ሲበላው ይነግራታል። በሕልሙ የሚያየውን፣ ለእህቱ እንኳ ያልነገረውን፣ ይነግራታል። እሷ ደግሞ ሻይ ቤቷ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ ታወራዋለች። ቤት ስትገባ ደብተሯን ታወጣለች። «11:04፤ ዋርካ፤ ከአምስት አራት፤ ባትሪ ደህና፤ እግሩን አሞታል፤ ዳርቱ ሽሮ ሠርታለታለች።» ትፈርምበታለች። ደብተሩ ሦስት ሆነ። በእያንዳንዱ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ እንደተማረችው፣ የሁለቱንም ሬዲዮ ሴሪያል ቁጥር፣ የሁለቱንም ሰው ሙሉ ስም፣ የሁለቱንም ቦታ ጽፋለች።

ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ጊዜ መጣ። አንድ ቀን የብሎኩ ጸጥታ ላይ የምትሠራው ጎረቤቷ አስቴር ከመንገድ ጠበቀቻት።

«ሐመል፣ ቋጥኝ ላይ ወጥተሽ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከጓደኛዬ።»

«ጓደኛሽ ስልክ የለውም?»

«አለው። አይሆንለትም።»

«እኔ አውቅሻለሁ፤ የማያውቅሽ ግን ብዙ ነው። ትናንት በስብሰባ ላይ ተነሥቷል። ወረቀት ካለሽ ወረቀትሽን አሳዪ፤ ከሌለሽ አውጪ። ሌላ ስም ሳይሰጡሽ።»

ሐመልማል ያን ሌሊት አልተኛችም። ጠዋት ለጆኒ ነገረችው።

«ሰላይ ማዘር!» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። «የምሬን ልንገርሽ፣ ለጨዋታ እንኳ ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከተያዘ ይወረሳል። ለጊዜው ባትሪውን አውጪና አልጋ ሥር ክተቺው። ወይ ቤት ውስጥ ሆነሽ አውሪ።»

«ቤት ውስጥ ቆርቆሮው ያፍነዋል፤ አይደርስም። ደግሞ እኔ ሌባ ነኝ ተደብቄ የማወራ? ፈቃድ ካለው አወጣለሁ።»

«እሺ አውጪ። ግን የጠየቁሽን ብቻ ስጪ። ያልጠየቁሽን እንዳትሰጪ፣ ስሞትልሽ።»

ይኼን የምትሰማ ሴት አልነበረችም። ሕግ ያለው ነገር ሁሉ ቀጥ ብሎ ለሄደበት ሰው ይከፈታል ብላ ታምን ነበር። የሬዲዮ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደች። ጠባቂው፣ አሳንሰሩ፣ ወረፋው አላስመረራትም። በወረቀት ላይ የሚያስፈልገውን ሰጧት፦ ማመልከቻ፣ መታወቂያ፣ ሁለት ፎቶ፣ የወረዳ ድጋፍ ደብዳቤ፣ የመሣሪያው ዓይነትና ሴሪያል ቁጥር፣ ጉልበቱ ስንት ዋት እንደሆነ፣ የሚሠራበት ቦታ። መሣሪያው ራሱ ለምርመራ ይቅረብ ይላል። ከታች ደግሞ «የሙያ ልምድ ማስረጃ ካለ ይያያዝ» የሚል አለ።

ካለ። ሐመልማል ይኼን ቃል አይታ ደስ አላት። የጦሩ ወረቀቷ ሁሉ በመንገድ ጠፍቷል፤ ግን ሦስት ደብተር አላት። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይኖራል? የተነጋገሩበትን አንድ ቀን ያልዘለለ፣ አንድ ፊርማ ያልጎደለው። በፌስታል ጠቅልላ ወሰደቻቸው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ይኼም ይያያዛል?» ስትላት፣ «ዋናው እሱ ነው እንጂ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ እያንዳንዱን ማህተም መታችበት፤ አባሪ ብላ ቁጥር ሰጠችው፤ ከፋይሉ ጋር አሰረችው። ሬዲዮውንም ተቀብላ አስፈረመቻት።

በአራተኛው ቀን ተጠራች። ያስጠራት ፋኑኤል የሚባል፣ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም ያላለፈ ኢንጂነር ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ደብተሮቿ ፊቱ ላይ ተከፍተዋል።

«እናቴ፣ ይኼን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«እኔ ነኝ።»

«በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም። የኛ ባለሙያዎች እንኳ እንዲህ አይጽፉም።»

ደስ ብሏት ቀና አለች። እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ለምን አመጡት?» አላት።

«ልምድ ካለ ይያያዝ ይላል።»

«እናቴ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ገና ላላወራ ሰው ነው። ይኼ ሦስት ዓመት ያለ ፈቃድ እንዳወሩ በእጅዎ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ለእኛ ያስረከቡት ነው። ከስምንት መቶ ጊዜ በላይ ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ነው።»

እሱ ቀስ ብሎ ዘረዘረላት። ለትርፍ ጊዜው ሬዲዮ የሚያወራ ሰው የተከለለለት ሞገድ አለው። መጥሪያ ስሙንም የሚሰጠው መንግሥት ነው እንጂ ዝግባና ዋርካ ብሎ ሰው ራሱ አያወጣም። መሣሪያው ተመርምሮ የጸደቀ መሆን አለበት፤ ይኼ ግን ለድርጅት ሥራ የተሠራ ነው፤ ሞገዱም የድርጅቱ ነበር፤ ድርጅቱ ሲሄድ ፈቃዱም አብሮ ሞቷል። ፈተናም አለ። ደግሞ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

«እሱ መፈተን አይችልም» አለች ሐመልማል። «አፉ ይያዛል። ከሬዲዮ በቀር አይናገርም።»

ፋኑኤል ደብተሩን ዘጋ። «አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ» አለ። «መዝገብ ቤት ባይገባ ኖሮ፣ ይመኑኝ፣ አላየሁም ብዬ እመልስልዎት ነበር። አሁን ማህተም አርፎበታል፤ ኃላፊውም አይተውታል። የለመንኩላችሁ ይኼን ነው፤ ክስ አይመሠረትም። የርስዎ እዚሁ ይቀራል። ያኛው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይምጣ። ካልመጣ ደብዳቤው ለፖሊስ ይጻፋል፤ እነሱ ደግሞ ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ሬዲዮ ይዞ የተገኘ፣ የቀድሞ ወታደር፣ ጥያቄ የማይመልስ ሰው። ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቃሉ።»

«ጠፍቷል ብልስ?»

«ሴሪያል ቁጥሩን ጽፈዋል። ስሙን ጽፈዋል። ቤቱ ከአጥሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ሳይቀር ጽፈዋል።»

በገዛ እጇ ነው። ማን ላይ ትፍረድ? ከዚህ በኋላ ያለ ፈቃድ ላታወራ ፈረመች፤ ፊርማዋ ያው ደብተሩ ላይ ያለው ፊርማ ነበር።

እስከ እሑድ መጠበቅ አልሆነላትም። በማግሥቱ ሻይ ቤቷን ዘግታ ከመገናኛ ታክሲ ያዘች፤ ሽሮ ሜዳ ወርዳ ዳገቱን ተያያዘችው። ጉልበቷ እያቃተው ሦስት ጊዜ አረፈች። ኪዳነ ምሕረት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ገና ከባሕር ዛፉ መካከል ሳለች ድምፁን ሰማች። ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ ወደ የካ አቅጣጫ ይጣራል። «ዝግባ፣ ዝግባ፣ እዚህ ዋርካ። ይሰማል? አምስተኛ ቀን ነው። አሞሻል? ኦቨር።» ጥርት ያለ፣ የማይደናቀፍ። ሬዲዮዋን ለምርመራ ከሰጠች ወዲህ በየቀኑ ሲጣራ እንደነበር ያኔ ገባት። ስልክ ለዳርቱ ደውላ «ተበላሽቶብኝ ነው በዪው» ማለት እንኳ አላሰበችም። ፈቃዱን ይዤ አስደንቀዋለሁ ብላ ነበር።

ዞር ሲል አያት። አፉን ከፈተ። «ሐ... ሐ...» አለና እዚያው ቀረ።

ዳርቱ ከቤት ወጥታ ስማ አስገባቻት። ሐመልማል ሳትቀመጥ ሁሉንም ተናገረች፤ ደብተሩንም፣ ማህተሙንም፣ አምስቱንም ቀን። ከበበ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማታል።

«ቆይ» አለች ዳርቱ። «አንቺ ራስሽ ነሽ የሰጠሻቸው? ማንም ሳይጠይቅሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስሙን ጽፈሽ?»

«ስሙን ጽፌ።»

«ያ ዋቃዮ! የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ ፊደል የማልቆጥረው እንኳ መንግሥት ያልጠየቀኝን አልነግርም!» ጀሪካኖቹን በእግሯ ገፋቻቸው። «የወንድሜን አፍ ነው ልትወስጂ የመጣሽው። ሬዲዮ አይምሰልሽ። ሠላሳ ዓመት ዲዳ አስታምሜ፣ ሦስት ዓመት ሰው ሆነልኝ፣ አሁን ደግሞ መልሰሽ ዲዳ ልታደርጊልኝ ዳገት ወጣሽ። ይምጡና ይውሰዱት! አንቺ ግን እጅሽን እንዳትዘረጊ።»

«እነሱ ከመጡ እሱንም ይወስዱታል፣ ዳርቱ።»

ዳርቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከበበ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ከሐመልማል ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ነበር። ሊናገር ሞከረ፤ አንገቱ ተገተረ፤ አልመጣም። ከዚያ ዓይኑን ከሷ ላይ ነቅሎ በበሩ ወደ ውጭ፣ ወደ የካ አዞረ። ቁልፉን ተጫነ። በዚያኛው ጫፍ የሚሰማው ማንም የለም።

«ዝግባ፣ እዚህ ዋርካ» አለ። «ሰምቻለሁ። መዝገብ የያዝሽው ስለተማርሽ ነው፤ እኔም ብሆን እይዝ ነበር። ዳርቱ የምትለውን ተይው፣ ፈርታ ነው። ደህና ዋልን፣ ሦስት ዓመት። ከዚህ በላይ ምን ፈለግን? መሣሪያውን እንኪ። ሌላ መልእክት የለኝም።»

ጣቱን አነሣ። ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ባትሪውን ነቅሎ፣ በየተራ እጇ ላይ አኖረላት። ሐመልማል ተቀብላ «ከበበ፣ ሌላ ነገር በለኝ፤ እዚሁ ፊቴ በለኝ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ሳይመሽ ወረደች።

በማግሥቱ አስረከበች። ፋኑኤል መረከቢያ ጻፈላት። ዓመት ቆይታ እንደገና ማመልከት እንደምትችል፣ የጸደቀ መሣሪያ ግን ከውጭ ማስመጣት እንዳለባት ነገራት፤ ለፈተናው የሚጠናውንም መጽሐፍ አሳያት። እንግሊዝኛ ነው። ገለጥ ገለጥ አድርጋ መለሰችለት። «ደብተሮቼስ?» አለችው። ከፋይሉ አይወጡም አላት።

አስቴር ከዚያ በኋላ ምንም አላለቻትም። እንዲያውም «ጎሽ፣ ተገላገልሽ» አለቻት። ጆኒ ሻይ ሲጠጣ ቀና ብሎ አያያትም።

ሐምሌ ላይ ዳርቱ ደወለች። ከተኳረፉ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ነይ» አለቻት። «ታሟል። የት እንደሚያመው አጣነው።»

ጤና ጣቢያ ስትደርስ ከበበ አልጋ ላይ ነበር፤ ከስቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነርሷ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያመው? ደረቱን ነው ሆዱን? ሲተነፍስ ነው ወይስ ሁልጊዜ? አይነግረኝም» አለች።

«ለአንቺ ይነግርሽ ነበር» አለች ዳርቱ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር። «በሬዲዮ፣ ገና ሲጀምረው ይነግርሽ ነበር። እኔ ሲጥለው ነው ያወቅሁት።»

ሐመልማል ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ እጁን ያዘች። «አዎ ከሆነ ጨብጠኝ» አለችው። ደረትህን ነው? ጨበጣት። ከግራ በኩል? ጨበጣት። ከሰኔ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት? ጨበጣት። ነርሷ እየጻፈች ሄደች። ሐኪሙ መጥቶ የጻፈችውን አየና፣ ይኼ ከወር በፊት መምጣት ነበረበት ብሎ ወጣ።

ሐመልማል መጠየቋን ቀጠለች። ይበርድሃል? ውኃ ትፈልጋለህ? ዳርቱን ልጥራት? እሱ የፈለገው ግን ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ዓይኑ የሚለው ሌላ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ገምታ ልትጠይቀው አልቻለችም። የምትጠይቀው አለቀባት። እጁ የሚጨብጥለት ጥያቄ አጥቶ እጇ ውስጥ ላላ ብሎ ቆየ።